አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ ልብ ወለድን የጀመሩልን ሰው

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና የአፉላ ኢሊት ሽማግሌዎች፣

በቅርስ ትምህርት ክፍላችን የተሰጠን ሥራ እያንዳንዳችን አንድ አጭር ልብ ወለድ እንድንጽፍ ነበር። ከመጻፋችን በፊት ልብ ወለድ ከምን ከምን እንደሚሠራ ተማርን። ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ትልም፣ ግጭት፣ ተራኪ፣ ጭብጥ የሚሉትን ቃላት ከሰሌዳው ወደ ደብተራችን ገለበጥን። ነገሮቹን በዕብራይስጥ ሥነ ጽሑፍ ስለምናውቃቸው ብዙም አላስቸገሩንም። ያስቸገረን ሌላ ነው። ልብ ወለድ የሚለው ቃል ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ወደ አንድ ሰው ወሰደን። የዚያን ሰው ስም ቤታችን ይዘን ስንገባ ደግሞ ክርክር ተነሣ። አንዳንድ አያቶቻችን ይህ ስም በልጆች መጽሔት ባይጻፍ ይሻላል አሉ። ምክንያታቸውን በቦታው እናመጣዋለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ያለች፣ በቡና ጫካዋና በጥንታዊ ገዳማቷ የምትታወቅ ምድር ናት። ጎንደር አካባቢ ላደጉት አያቶቻችን ሩቅ አገር አይደለችም። አፈወርቅ የተወለዱበት ዓመት አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱበት ዓመት ነው። ልጅነታቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሳለፉ፤ ሥዕልም ይወዱ ነበር። የዘጌ ገዳማት ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞሉ ናቸው። እያንዳንዱ ሥዕል ታሪክ ይናገራል፤ ማን ማንን እንደገደለ፣ ማን እንደዳነ፣ ማን እንደከዳ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አይቶ ይረዳዋል። ለአፈወርቅ የመጀመሪያው የተረት መጽሐፍ ይህ ግድግዳ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገር። ይህን ስንጽፍ እሱ እንበል ወይስ እሳቸው በሚለው ተከራክረን ነበር። ከመካከላችን ግማሾቹ ሰውየው ባደረጉት ነገር የተነሣ አንቱታ አይገባቸውም አሉ። አንዲት እማማ ግን ሽማግሌ ሆኖ የሞተን ሰው አንተ ማለት የሚያሳፍረው ሟቹን ሳይሆን ተናጋሪውን ነው ብለው ገሠጹን። ስለዚህ እሳቸው እያልን እንቀጥላለን።

በ1887፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ ወጣቱን አፈወርቅን ሥዕል እንዲማሩ ወደ ጣልያን አገር ላኳቸው። በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የአልበርቲና የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሩ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ግን ሳይስማሙ እንደቀሩ ይነገራል። በ1894 ለትምህርት እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በዚህ ጊዜ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ወደ ስዊዘርላንድ፣ ኔሻቴል ወደምትባል ከተማ ነበር።

የሕይወታቸው የመጀመሪያው መታጠፊያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢትዮጵያና ጣልያን ወደ ጦርነት ሲሄዱ አፈወርቅ ትምህርታቸውን ትተው ከጣልያኖች ጋር ወገኑ። በመጋቢት 1896 የኢትዮጵያ ሠራዊት በዐድዋ ድል ሲያደርግ እሳቸው በተሸናፊው ወገን ነበሩ። ያስተማራቸውን ንጉሥ ከድተዋልና ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም። በጣልያን ቀሩ፤ ጣልያናዊት አገቡ። ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ፤ ለጣልያኖች የሚሆን የአማርኛ ሰዋስውና የመነጋገሪያ መጽሐፍም አዘጋጁ።

በ1908 ሮም ከተማ ውስጥ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። 90 ገጽ ያህል ነው። ስሙ ልብ ወለድ ታሪክ ይባላል። በአማርኛ የታተመ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ይህ ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛም ሆነ በግዕዝ ታሪክ ሞልቶ ነበር፤ የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የቅዱሳን ገድል፣ በየቤቱም ተረት አለ። ነገር ግን ይህን ታሪክ ያገኘሁት ከልቤ ነው፣ አልተደረገም ብሎ በግልጽ የሚናገር የታተመ መጽሐፍ አልነበረም። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ይህንኑ ይላል፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የአንድ መጽሐፍ ስም መሆኑ ቀርቶ የሥራው ሁሉ ስም ሆነ። ዛሬ በክፍላችን ልብ ወለድ ጻፉ ስንባል ሳናውቀው የአፈወርቅን ርእስ እየጠራን ነው። መጽሐፉ በኋላ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም፣ ጦቢያ ተብሎ ታውቋል።

ታሪኩን በአጭሩ እንንገራችሁ። በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል ጦርነት ነበር። አንድ ደጃዝማች ተሸንፈው ተማረኩ፤ ባሪያ ሆነውም ተሸጡ። የማያውቃቸው ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ነፃ አወጣቸው፤ ምንም አልጠየቃቸውም። ደጃዝማቹ መንታ ልጆች አሏቸው፤ ዋሕድ የሚባል ወንድና ጦቢያ የምትባል ሴት። ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመክፈል ነጋዴውን ፍለጋ ወጣ፤ በመንገድ ግን እሱም ተይዞ ባሪያ ሆነ። አባትና እኅት ዋሕድን ፍለጋ ተነሡ። ጦቢያ መንገድ ላይ እንዳትደፈር የወንድ ልብስ ለበሰች። በአረመኔው ንጉሥ እጅ ሲወድቁ ከንጉሡ ቤተሰብ የሆነች ወጣት ጦቢያን ወንድ መስላት ወደደቻት። ነገሩ ተወሳሰበ። በመጨረሻ ምሥጢሩ ተገለጠ፣ ዋሕድ ተገኘ፣ ንጉሡም ጦቢያን አገባ።

አሁን ወደ ደብተራችን ቃላት እንመለስ፤ ከሰሌዳው ይልቅ በዚህ መጽሐፍ ላይ በደንብ ገብተውናል።

መቼት የሚለው ቃል መቼ እና የት የሚሉት ሁለት ቃላት ተጣብቀው የሠሩት ነው። ይህን ስንሰማ ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልረሳውም። በአፈወርቅ መጽሐፍ መቼቱ ግልጽ አይደለም። ድሮ፣ ሩቅ አገር ነው፤ የከተማ ስም፣ የዓመት ቁጥር የለውም። በዚህ ከአያቶቻችን ተረት ጋር ይመሳሰላል። ተራራውን፣ ወንዙን፣ የፀሐይን መውጣት ግን በረጅሙ ይሥሉታል፤ ሠዓሊ እንደነበሩ እዚህ ይታያል። ለእኛ የዚህ ቦታው አማርኛ ከበደን። መዝገበ ቃላቱ ያልረዳንን አባቶቻችን ረዱን።

ትልም ማለት በሬ ሲያርስ ማረሻው የሚያወጣው መስመር ነው። ይህን ከአስተማሪ ሳይሆን ያረሱ ሰዎች ከሆኑት ከአያቶቻችን ሰማን። አንድ አባባ ገበሬ ትልሙን ሲያወጣ ዓይኑን ከፊቱ ካለ ምልክት ላይ እንደማያነሣ፣ ካነሣ ግን መስመሩ እንደሚጣመም በእጃቸው እያሳዩ አስረዱን። በልብ ወለድም አንዱ ድርጊት ሌላውን ይጎትታል። ነጋዴው ባይከፍል ዋሕድ አይወጣም፤ ዋሕድ ባይወጣ ጦቢያ የወንድ ልብስ አትለብስም፤ ልብሱን ባትለብስ ያች ወጣት አትወዳትም። አንዳንድ መጻሕፍት ይህንኑ ሴራ ይሉታል። ሴራ ግን ተንኮልም ነው፤ በአፈወርቅ ሕይወት ላይ ቃሉን ስንጠቀም ሁለቱንም ትርጉም ሳናስብ ማለፍ አልቻልንም። እውነቱን ለመናገር የመጽሐፉ ትልም አንዳንድ ቦታ ይጣመማል። ሰዎች በአጋጣሚ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ድርሰት እኛ ብናቀርብ በቀይ እስክሪቢቶ ይመለስልን ነበር።

ገጸ ባሕርያቱም ወይ በጣም ደግ ወይ በጣም ክፉ ሆነው ይታያሉ፤ ጦቢያ ግን ለየት ትላለች። ፈርታ ደፋር የምትመስል፣ ሴት ሆና ወንድ የምትመስል፣ እውነተኛ ሆና የምትዋሽ ናት። ውስጧና ውጪዋ ስለማይገጥሙ ምን ታደርግ ይሆን እያልን ገጹን ገለጥን።

የጦቢያን መንገድ በአንድ ምሽት ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት አነበብን። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣበት ላይ ስንደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከእናቶቻችን አንዷ በሱዳን መንገድ ሴት ልጅን እንደ ወንድ አልብሶ መውሰድ እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ነገሩን። ሌላ አባት የጠፋባቸውን ወንድም ስም ጠሩ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም። ይህ መጽሐፍ የታተመው በዘመቻ ሙሴ ጊዜ፣ በ1984 ማለት ነው፣ ሱዳን ላይ የነበሩት ሰዎች ከመወለዳቸው በፊት ነው። እናንተ ልብ ወለድ አያስፈልጋችሁም፣ የኖራችሁት ይበቃል ብለን እናስብ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ስለ ራሳችሁ ጉዞ ስንጠይቃችሁ ያልነገራችሁንን ነገር ስለ ጦቢያ ስናነብላችሁ ነገራችሁን።

ስለ መጽሐፉ መጨረሻ ግን ሁላችንም አልተስማማንም። ንጉሡ ጦቢያን ሲያገባ ክርስትናን ይቀበላል፤ ደራሲው ይህንን ትልቅ ደስታ አድርገው ጽፈውታል። የኛ ወላጆች ግን ሃይማኖታችሁን ለውጡ ሲባሉ የኖሩ፣ ስለዚህም መሬትና ክብር ያጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። አንድ ሰው እምነቱን ትቶ የሚጠናቀቅ ታሪክ ለነሱ የሠርግ ታሪክ አይመስልም። መምህራችን ይህ የጭብጥ ጥያቄ ነው አሉ። ደራሲው የሰጠው ጭብጥና አንባቢው የሚቀበለው ጭብጥ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

አፈወርቅ በዚያው በ1908 ሌላም መጽሐፍ አወጡ። ስሙ የአቢሲኒያ መንገደኛ መምሪያ ሆኖ፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈ የመነጋገሪያ መጽሐፍ ነው። መንገደኛው የሚጠይቀውና የአገሩ ሰው የሚመልሰው እየመሰለ በውስጡ ግን የአገሪቱን አስተዳደር፣ የድሃውን ገበሬ መበደል፣ የወታደሩን ዘረፋ አጥብቆ ይነቅፋል። በቃለ ምልልስ ብቻ ይህን ያህል መናገር እንደሚቻል አስገርሞናል። በ1909 ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ። የከዷቸውን ንጉሥ እጅግ አድርገው አመሰገኑ። ይቅርታ ለማግኘት ይሆን ወይስ ከልባቸው? በክፍላችን ለሁለት ተከፈልን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ግን በ1912 አሥመራ በታተመ ጽሑፋቸው፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማዳላት የለበትም በማለት የአፈወርቅን መጽሐፍ ነቀፉ። ልብ ወለድ ሲጽፉ ከልብ መውለድ ይፈቀዳል፤ የሰው ታሪክ ሲጽፉ ግን አይፈቀድም። አንባቢ ለየትኛው እንደተጠራ ማወቅ አለበት።

ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ አፈወርቅ ወደ አገራቸው ለመመለስ ቻሉ። ያለፈው ተረሳላቸው። በድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ፤ ዳኛም ሆነው ሠሩ፤ ነጋድራስ ተባሉ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ ወኪል አድርገው ወደ ሮም ላኳቸው። አንድ ጊዜ ወደ ጣልያን የከዳን ሰው በጣልያን ላይ ዘበኛ አድርጎ ማቆም ምን ዓይነት እምነት እንደሆነ አናውቅም።

በጥቅምት 1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ። አፈወርቅ ዳግመኛ ከወራሪው ጋር ሆኑ። ጣልያኖች አፈ ቄሳር የሚል ማዕረግ ሰጧቸው፤ የቄሳር አፍ ማለት ነው። አያቶቻችን ስሙ ባይጻፍ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሰው ታርዷል፣ ቤት ተቃጥሏል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይህን ከአባቶቻቸው የሰሙት ነው፤ በመጽሐፍ ያነበቡት አይደለም።

በዚያው ዘመን ሌሎች ጸሐፊዎች ሌላ መንገድ ሄደዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ እሳቸውም ልብ ወለድ የጻፉ ናቸው፣ ከንጉሡ ጋር ተሰደው በ1938 እንግሊዝ አገር ሞቱ። ወጣቱ አስተማሪ ሐዲስ ዓለማየሁ ከጣልያን ጋር ተዋግተው ተማረኩ፤ ጣልያን አገር ዓመታት ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ በ1940ዎቹ በዚሁ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ቆንስል ሆነው ሠርተዋል። በ1966 ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን ብዙዎቻችሁ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታችሁታል። እነዚህን እያላችሁ ለምን አፈወርቅን መረጣችሁ ተብለን ተጠይቀናል። ጥያቄው ትክክል ነው።

ያስወሰነን አንድ ሌላ ሰው ነው፤ ታምራት አማኑኤል። ከጎንደር ቤተ እስራኤል የተወለዱ፣ ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ወደ አውሮፓ ወስደው ያስተማሯቸው፣ በ1923 በአዲስ አበባ የተከፈተውን የወገኖቻችንን ትምህርት ቤት የመሩ ናቸው። ጣልያን ሲገባ እሳቸው አገር ለቀው ተሰደዱ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን የሚል ጽሑፍ አዘጋጁ። በወራሪው ምክንያት የተሰደዱት ታምራት የወራሪውን አፍ የሆኑትን አፈወርቅን ከደራሲያኑ መካከል አልፋቁም። ታምራት በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ። እሳቸው ያልፋቁትን ስም እኛ እንዴት እንፍቀው ብለን ለአያቶቻችን ስንነግር አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹ አልተዋጠላቸውም።

አፈወርቅ በ1941 ነፃነት ሲመለስ ተያዙ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ግን ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው። ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ። በዚያ ዓይናቸው ጠፋ። ሠዓሊ ነበሩ፣ የፀሐይን መውጣት በረጅሙ የጻፉ ሰው ነበሩ። በ1947 እዚያው ጅማ ሞቱ።

ስሙ ባይጻፍ ብለው ከሁሉ አጥብቀው የተቃወሙን አንድ አያት ነበሩ። በመጀመሪያው የንባብ ምሽት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሳይጨርሱ ሄዱ። በሁለተኛው ምሽት ዘግይተው ገቡና ዋሕድ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁን። ተገኝቷል ስንላቸው ከየት ጀምሮ እንደቀረባቸው አስበው፣ ከዚያ ጀምረን እንድናነብላቸው አዘዙን። የሰውየው ፎቶግራፍ እንዳይወጣ ግን አሁንም አልፈቀዱም። ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ ሥዕል የለም።